ብራናው ሳያልቅ፦ የሞላሌው ላፕቶፕና የግልባጭ ታሪክ

እናንተዬ፣ ሃርድ ዲስክ ሲያጣጥር ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰምተናል። ቦታው ሞላሌ፣ መንዝ ማማ ምድር ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት። ባና ደርበን እሳት ዙሪያ ተኮልኩለናል፤ ብርዱ ያው የምታውቁት የመንዝ ብርድ ነው። ላፕቶፑን ከፈትነው፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ አርማውን አሳየን፣ ከዚያ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ»። ትንሽ ዝም። ደግሞ «ቀጭ… ቀጭ»።

ላፕቶፑ ከመካከላችን የአንዷ አባት ንብረት ነበር። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በ2000 ዓ.ም.፣ ያ ሁሉ የሚሊኒየም ግርግር በነበረበት ዓመት፣ ገዝተውት እስኪያርፉ ድረስ የመንዝን የዘር ሐረግ ሲጽፉበት ኖሩ። ማን ከማን ተወለደ፣ የትኛው መሬት በማን ስም ተጠራ፣ ማን ከየት መጥቶ የት ሰፈረ፤ ሽማግሌ እየፈለጉ፣ በእግር እየዞሩ የሰበሰቡት ነው። ሞላሌ የሄድነውም ጽሑፉን ለቀሩት ሽማግሌዎች አንብበን ስህተት ካለ ለማረም ነበር። ሌላ ቅጂ የለም። በፍላሽ የለም፣ በሲዲ የለም፣ በወረቀትም የለም። (አዎ፣ እናውቃለን። ስድባችሁን ወደ መጨረሻው አቆዩልን።)

ከእሳቱ ወዲያ ማዶ አንድ የኔታ ተቀምጠው ነበር። በወጣትነታቸው ብራና የጻፉ ሰው ናቸው።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ? ፊታችሁ ጠቆረሳ» አሉን።

«የኔታ፣ ጽሑፉ ያለበት ዕቃ ሊሞትብን ነው።»

«ግልባጭ የለውም?»

ዝም አልን።

«ብራና የሚገለበጠው እኮ ሳያልቅ ነው። ካለቀ በኋላማ ምኑን አይታችሁ ትጽፉታላችሁ?»

ይህችን ጥያቄ ይዘን አዲስ አበባ ገባን። ስለ ሃርድ ዲስክ ልንጽፍ አስበን የጀመርነው ነገር ስለ ግልባጭ ታሪክ ሆኖ አረፈው። እነሆ።

በአየር ላይ የሚኖር ዕቃ

ሃርድ ዲስክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አይቢኤም ራማክ ከሚባለው ኮምፒውተሩ ጋር ይዞት የወጣው የመጀመሪያው ዲስክ፣ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ተደራርበው የሚሽከረከሩበት፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ቁም ሳጥን የሚያህል ዕቃ ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው። ዛሬ በሞባይላችሁ የምታነሷት አንዲት ጥሩ ፎቶ ያን ቁም ሳጥን ትሞላዋለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጌት 5 ሜጋባይት የሚይዝ፣ ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገባ 5 ኢንች ከሩብ ዲስክ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ፕሬሪቴክ የሚባል ኩባንያ 20 ሜጋባይት የሚይዝ 2 ኢንች ተኩል ዲስክ ይዞ መጣ። ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩን በሆዱ ይዞ በከረጢት እንዲዞር ያስቻለው ይህ መጠን ነው። የመምህሩ ላፕቶፕ ውስጥ የነበረውም፣ 80 ጊጋባይት ይያዝ እንጂ፣ በስፋቱ የዚያው ዘር ነው።

አሠራሩ ከድሮው ሸክላ ማጫወቻ ጋር ይመሳሰላል። ሳህኑ ይሽከረከራል (በብዙ ላፕቶፕ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ጊዜ)፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ማንበቢያ ወዲያ ወዲህ ይላል። ልዩነቱ፣ የሸክላው መርፌ ይነካል፤ የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ከነካ አለቀለት። ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚኖረው። በ1956ቱ ዲስክ ላይ ክፍተቱ 20 ማይክሮሜትር ያህል ነበር። በእኛ ዘመን ዲስኮች በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለዚያ ክፍተት ተራራ ናት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ መንዝ የሚመለሰው። ማንበቢያውን የሚያንሳፍፈው አየር ከሆነ፣ አየሩ ሲሳሳስ? ብዙ የተለመዱ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ ላይ «ሲሠራ ከ3,048 ሜትር ከፍታ በላይ አይውጣ» የሚል ቁጥር አለ። 10,000 ጫማ ማለት ነው። ሞላሌ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለችው። የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከ3,200 ጀምሮ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ፋብሪካው «ከዚህ በላይ አላውቅም» የሚለው ወሰን ላይ ሰው ማሽላ ሳይሆን ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ፣ ልጅ አስተምሮ ይኖራል። ዕቃውም ቢሮው ውስጥ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይሠራል። ጥፋቱ የሞላሌ ነው ማለታችን አይደለም፤ ዲስኩ ዕድሜውን የጨረሰ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌን ግን ዳገት ላይ አያስሮጡትም። እኛ አስሮጥነው።

ያን ማታ የሠራነው ብቸኛ ትክክለኛ ነገር ማጥፋት ነው። «ቀጭ ቀጭ» ማለት ማንበቢያው ቦታውን ፈልጎ አጥቶ ወደ መነሻው እየተመለሰ እንደገና መሞከሩ ነው። በከፈታችሁት ቁጥር ሳህኑን የመፋቅ ዕድል ትሰጡታላችሁ። ባትሪውን አወጣን፣ በጋቢ ጠቀለልነው፣ በነጋታው በመዘዞ በጣርማ በር አድርገን ቁልቁል ወረድን።

ፊደሉ ጠፋ፣ ቤቱ ጠፋ

«ታዲያ ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ አይበቃም ነበር?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለዚህ መልስ ለመስጠት አንድ አሮጌ ቁስል መንካት አለብን።

መምህሩ ከላፕቶፑ በፊት አንድ ዴስክቶፕ ነበራቸው። ሲበላሽ ወደ አንድ ጥገና ቤት ተላከ። ባለሙያው እንደ ወጉ «ዶክመንቶቹን» ወደ ሲዲ ገለበጠ፣ ማሽኑን ፎርማት አደረገ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫነ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ሲዲው ሲከፈት ግማሹ ሥራ የለም። ሰውየው የገለበጠው «ማይ ዶክመንትስ» የሚለውን ብቻ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ጽሑፋቸውን የሚያስቀምጡት ሲ ድራይቭ ላይ ራሳቸው በከፈቱት ፎልደር ውስጥ ነበር። የተረፈው ግማሽ ሲከፈት ደግሞ አማርኛ አይደለም! የላቲን ፊደል፣ ጭረትና የጥያቄ ምልክት የተደበላለቀበት ጉድ ነው።

ይህ የእሳቸው ብቻ ታሪክ አይደለም፤ የአንድ ትውልድ ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ዕትም ነው። ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት (እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት) በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር የምንጽፈው። እነዚህ ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደላት በሚቀመጡበት ቦታ ላይ እየተኩ ነበር የሚሠሩት፤ አንዱ «ሀ» የሚለውን ሌላው በሌላ ቁጥር ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ጽሑፉን ከኮምፒውተሩ ነጥላችሁ ስትወስዱ፣ ፎንቱ አብሮ ካልሄደ፣ ነፍሱን ትታችሁ ሥጋውን ነው የወሰዳችሁት። ትክክለኛውን ፎንት ካገኛችሁ ይመለሳል። የትኛው ፎንት፣ የትኛው ዕትም? እሱን የሚያውቀው ፎርማት የተደረገው ማሽን ነበር።

ኮፒና ክሎን የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ኮፒ የመረጣችሁትን ይወስዳል። ክሎን ግን ዲስኩን ከመጀመሪያዋ ክፍልፋይ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚያነባት 512 ባይት) እስከ መጨረሻዋ እንዳለ ይገለብጣል። ዊንዶውሱን ከነፎንቱ፣ ፎልደሩን ከነቀኑ፣ ቆሻሻ ቅርጫቱን ከነቆሻሻው። ምን ይጠቅማል ምን አይጠቅምም ብሎ አይፈርድም። ፍርድ ለኋለኛው ሰው ይተዋል።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ዩኒክስ የሚባለው ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ዲዲ» የምትባል ከአንድ ዕቃ አንብባ ወደ ሌላ የምትጽፍ ትንሽ ትእዛዝ ነበረችው፤ እስከ ዛሬ አለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኦክላንድ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ባይነሪ ሪሰርች የተባለ ድርጅት ጎስት የሚባል ፕሮግራም ሠራ፤ አንድ ኮምፒውተር አስተካክሎ የቀረውን ሁሉ በእሱ አምሳል ለመሥራት። ሲማንቴክ እ.ኤ.አ. በ1998 ገዛውና ኖርተን ጎስት ሆነ። በኋላ ከታይዋን ክሎንዚላ የተባለው ነፃ ፕሮግራም መጣ። እኛን ያዳነን ግን የእነዚህ ሁሉ ትሑት ዘመድ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው ዲዲሬስኪው። የእሱን ሥራ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ትልቁ ግልባጭ

የየኔታን ጥያቄ ከእኛ በፊት በአገር ደረጃ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944፣ ጣሊያን ውስጥ የሚገኘው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በቦምብ ፈረሰ። ከጦርነቱ በኋላም የአቶም ቦምብ ፍርሃት አልለቀቀም። ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያሉ የቤኔዲክቲን መነኮሳት «ቀጣዩ ገዳም ከመፍረሱ በፊት» ብለው እ.ኤ.አ. በ1965 የአውሮፓን የገዳማት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በአቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክነት ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚሁ ቤተ መጻሕፍትና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆና የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳቱ ሥራ ተጀመረ።

ዓመቱን ልብ በሉልን። አብዮቱ ሊፈነዳ ወራት ነው የቀረው። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ሥራው ግን አልቆመም። እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ በደርግ፣ በረሃብ፣ በጦርነት መሐል ቀጥሎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ሸዋ ውስጥ ካሉ አብያተ ክርስቲያናት የመጡት ብዙ ናቸው። ግልባጩ አንድ ቦታ ብቻም አልተቀመጠም፤ እዚህም እዚያም፣ ኢትዮጵያም ሚኒሶታም። አገር ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

ያነሡትን ማን አነበበው? ከዋነኞቹ አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሸንኮራ፣ ሸዋ ውስጥ የተወለዱት ጌታቸው በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤታቸው በወታደሮች በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ከአገር ወጥተው ኮሌጅቪል ገቡ። እዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፊልሙን ገጽ በገጽ እያነበቡ፣ የካታሎጉን ጥራዞች ለዓመታት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ሽልማት ተቀበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። አገራቸው መግባት ያልቻሉ ሰው የአገራቸውን መጻሕፍት ከግልባጩ ላይ አነበቡ። ግልባጩ ባይኖር ምን ሊያነቡ ነበር?

አሁን ደግሞ ልዩነቱን ተመልከቱ። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ቃሉን ነው የሚገለብጠው። ዳዊቱን ዳዊት ብሎ ይጽፋል፤ በዳር በኩል ማን እንደጻፈው የማይታወቀውን «ይህን መሬት ለእገሌ ሰጠሁ» የሚለውን ይተወዋል። ፊልሙ ግን አይተውም። ቅጠሉን እንዳለ ያነሣል፦ የርስት ውሉን፣ የባለቤቱን ስም፣ የሰም ጠብታውን፣ አይጥ የበላውን ጥግ። የታሪክ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በዳር ጽሑፉ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ እንናገረው ካልን፣ ቁም ጸሐፊው ኮፒ አደረገ፣ ፊልሙ ክሎን አደረገ።

ሌሊቱን ሙሉ

ወደ ላፕቶፓችን እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ 120 ጊጋባይት የሆነ ኤስኤስዲና ሃርድ ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ ገዛን። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህን የለውም፣ የሚንሳፈፍ ማንበቢያ የለውም፤ ስለዚህ ከመንዝ አየር ጋር ጠብ የለውም። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ በጥቂት ክፍልፋይ እንኳ ካነሰ ግልባጩ አይሞላም። ሁለት ሌሎች ነገሮችም ይታያሉ። አንደኛ አገናኙ፦ በጣም የቆዩ ላፕቶፖች ባለ 44 ፒን አይዲኢ ናቸው፣ ቀጥለው የመጡት ሳታ ናቸው። ሁለተኛ ውፍረቱ፦ 9.5 ሚሊሜትር የሚቀበል አለ፣ 7 ሚሊሜትር ብቻ የሚቀበል ቀጭን አለ።

በትንሽ ካቻቢቴ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ያሉትን ብሎኖች ፈታን (ብሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ለጥፏቸው፤ ሁሉም አንድ ቁመት አይደሉም)። ሽማግሌውን ዲስክ ጎትተን አወጣነውና ከኤስኤስዲው ጋር በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። አሁን አደገኛው ደቂቃ መጣ፦ የትኛው ነው ምንጩ፣ የትኛው ነው መድረሻው? ቦታ አቀያይራችሁ ካዘዛችሁ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ትገለብጣላችሁ፤ ፕሮግራሙ እንደሆነ ትእዛዝ እንጂ ሐዘን አያውቅም። የዲስኮቹን መጠንና መለያ ቁጥር ሦስት ሰው ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ነው አንዷ «እሺ» የሚለውን የተጫነችው።

ዲዲሬስኪው ብልህ ነው። እንደ ተራ ኮፒ የተበላሸ ቦታ ላይ ደርሶ ተቸክሎ አይቀርም። መጀመሪያ ጤነኛውን ሁሉ ያወጣል፤ እንቢ ያለውን ዘልሎ በማስታወሻ ይይዛል፤ በመጨረሻ ወደ እንቢተኛው ተመልሶ በትንንሹ እየቆረሰ ይለምነዋል። ቤቱ እየተቃጠለ መጀመሪያ ሰዉን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻ ዕቃውን እንደማውጣት ነው። ጤነኛው ክፍል በሁለት ሰዓት ወጣ። የቀረችው ጥቂት ነገር እስኪነጋ አቆየችን። «ቀጭ» ባለ ቁጥር ማንም አይተነፍስም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቀሩት ያልተነበቡ ክፍልፋዮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

አሮጌውን ነቅለን፣ ኤስኤስዲውን ብቻ ወደ ላፕቶፑ ከተትን። (ሁለቱን አንድ ላይ ሰክታችሁ አታስነሱ፤ መንታ ስለሆኑ ዊንዶውስ ይደናገራል።) ቁልፉን ተጫንን። ኤክስፒ ተነሣ። የመምህሩ ዴስክቶፕ፣ የመምህሩ የግድግዳ ሥዕል፣ ፎልደሮቹ እሳቸው እንደተዉአቸው። ፋይሉን ከፈትን፤ አማርኛ! ከመካከላችን አንዷ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። አልተከተልናትም።

ቅርጫቱ ውስጥ

ሌላም ነገር ተረፈ። ክሎን ቆሻሻ ቅርጫቱንም ይገለብጣል ብለናችሁ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ «እናቶች» የሚል ስም ያለው የተጣለ ፋይል አገኘን።

ዋናው ጽሑፍ የሚቆጥረው በአባት ነው፦ እገሌ እገሌን ወለደ። የተጣለው ግን በእናት የሚወርደውን ሐረግ የያዘ ነው። ይህ ለመንዝ ትልቅ ነገር ነው። በመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ሰው መሬት ለመጠየቅ ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ የወረደበትን ሐረግ፣ በእናቱ በኩልም ቢሆን፣ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የሚታወቀው መንዝ ይህ መንዝ ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ በአፈ ታሪክ የሰዎች ስም ናቸው፤ መሬቱ ስማቸውን ወረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። ገበሬው ብዙ አተረፈ፤ ሐረግ የመቁጠር ጥቅም ግን አብሮ ቀረ። ልጅን ቁጭ አድርጎ የሰባት አያት እናት ስም የሚያስቆጥር ምክንያት ጠፋ። መምህሩ ሲጽፉ የኖሩት ይህን ሲያልቅ ያዩትን ብራና ነበር።

የእናቶቹን ለምን እንደጣሉት ልንጠይቃቸው አንችልም። ፋይል መርጠን ኮፒ ብናደርግ ኖሮ ግን መኖሩንም አናውቅም ነበር።

ከወር በኋላ ሞላሌ ተመለስን። ያልተነበቡት ክፍልፋዮች አንድ ገጽ ተኩል በልተው ነበር። ገጹን እስከተቆረጠበት አንብበን ስናቆም፣ አንዲት እማማ ከጥግ ሆነው ቀጠሉልን፤ ሰባት ስም፣ ያለ ስህተት፣ በእናት በኩል። ጻፍነው። የኔታ ፈገግ ብለው «አሁንስ ስንት ግልባጭ አለው?» አሉ።

«ሦስት፣ የኔታ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ እዚህ።»

«እንግዲህ መጽሐፍ ሆነ» አሉን።

ወዳጆቻችን፣ የቀበሌው መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት፣ የሰርጋችሁ ፎቶ፣ የአያታችሁ ድምፅ ያለበት ዲስክ ዛሬ «ቀጭ» አላለም ይሆናል። ጥሩ። የሚገለበጠው አሁን ነው። ስድባችሁን ግልባጩን ከጨረሳችሁ በኋላ ላኩልን።

ቸር እንሰንብት!